ያልቀለጠው ቅቤ

አርባ ምንጭ ሲቀላ ውስጥ የኸይሪያን አፍንጫ የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት ከአውቶብስ የወረደ እንግዳ ነው። መልኩማ እንደማንኛችንም አፍንጫ ነው፤ ሥራው ነው ጉድ የሚያሰኘው። ቅቤው ከኮባው ሳይገለጥ ለጋ ይሁን መካከለኛ፣ በሳል ይሁን የከረመ ትነግርሃለች። ሙዝ የተለወሰበትን፣ የሚረጋ ዘይት የተደባለቀበትን አንድ ጊዜ ሳብ ታደርግና፣ "እንካ፣ ይሄን ለአማትህ ውሰድላት!" ብላ ለባለቤቱ ትመልስለታለች። ሌሎቹ ቅቤ ነጋዴዎች እንኳ ሲጠራጠሩ ዕቃቸውን ተሸክመው እሷ ደጃፍ ይቆሙ ነበር። ባሏ ጀማልም፣ "እኔ ያገባሁት አፍንጫዋን ነው፤ የቀረው ምራቂ ነው" እያለ ይቀልድባታል።

ታዲያ ያ አፍንጫ ሞተ።

ያ የኮሮና ጉንፋን ከተማውን ሲዞር እሷንም አልማራትም። ትኩሳቱ ለቀቃት፣ ሳሉ ለቀቃት፣ ሽታዋ ግን እንደሄደ ቀረ። ለሌላው ሰው ሁሉ ሲመለስ የእሷን ያየ የለም። አንድ ቀን ሽንኩርት ድስት ውስጥ አርሮ ቤቱ በጭስ ሲታፈን ዓይኗ አለቀሰ እንጂ አፍንጫዋ ወሬውን አልሰማም። ያን ቀን ተቀምጣ እውነቱን አለቀሰች። ሽታ የማይሸታት ቅቤ ነጋዴ ማለት ዓይን የሌለው ሾፌር ማለት ነው፤ ማን ይሳፈራል? ሰው ከእሷ የሚገዛው አፍንጫዋን አምኖ ነው። ይህ ከተሰማ ሱቁ ይዘጋል፣ ስሟም አብሮ ይዘጋል። ስለዚህ ዋጥ አደረገችው። ለጀማል እንኳ አልነገረችውም።

ከዚያ ወዲህ ኸይሪያ ሌላ ሰው ሆነች። እንደ ድሮዋ ቅቤውን አንስታ ሳብ ታደርጋለች፤ ለታይታ ነው። ሥራውን የሚሠሩት አውራ ጣቷና ዓይኗ ናቸው። በጣቷ ትጫነዋለች፣ በመዳፏ ታቀልጠዋለች፣ ከሁሉም በላይ የሻጩን ፊት ትመረምራለች። ዓይኑን ከሰበረ ቅቤው ሙዝ አለበት። ዓይን ዓይኗን ትክ ብሎ ካያትም፣ ይሄ ደፋር ሙዝ ብቻ ሳይሆን ሌላም ነገር ጨምሮበታል። ጀማል ከካምባ ቅቤ ጭኖ እየሳቀ ሲገባ፣ "ምን አስቆት ነው? ምን ጭነውበት ነው?" ትላለች በሆዷ። ሳይስቅ ሲገባ ደግሞ ይብሳል። "ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር" የሚለው ተረት የተተረተው ለእሷ ነበር የሚመስለው።

እንዲህ ባለችበት ሰዓት ነው እንግዲህ ቲቸር ሊሻን ጓዟን ይዛ ግቢዋ የገባችው።

ሊሻን ጎጃም ተወልዳ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የምታስተምር፣ ድምጿ ዝቅ ያለ፣ ሰው አክባሪ ልጅ ናት። ኪራይዋን ቀኑ ሳይደርስ ትከፍላለች፣ ግቢውን ጠርጋ ትወጣለች፣ ኸይሪያን "እትዬ" ሳትል አትጠራትም። ሌላ አከራይ ቢሆን ስለት ያስገባ ነበር። ኸይሪያ ግን፣ "ይህን ያህል ትሕትና በነጻ አይመጣም" ብላ ተጠራጠረች።

በመጠርጠሯስ ምን እፈርድባታለሁ! የልጅቷ መስኮት ላይ ትንንሽ ብልቃጦች አፋቸው ወደታች ተዘቅዝቀው ይደረደራሉ፤ ውስጣቸው ያለው ነገር ግን አይፈስም። እንደተዘቀዘቀ፣ እንደተንጠለጠለ ቁጭ! ጠዋት ኩልል ብሎ ያየችው የሱፍ ዘይት ከሰዓት በኋላ ረግቶ፣ ነጣ ብሎ፣ ለዓይን ቁርጥ ለጋ ቅቤ መስሎ ይቆያታል። ጥግ ላይ የጉሎ ዘይት በጀሪካን አለ። ኸይሪያ በመጋረጃው ስንጥቅ ይህን ሁሉ አየች። ከዘይት ቅቤ የምትሠራ ሴት፣ በቅቤ ነጋዴ ግቢ! "ያ ረቢ! እባቡን ያስገባሁት በገዛ እጄ ነው" አለች።

አንድ ቅዳሜ መታገስ አቃታትና በሩን አንኳኩታ ገባች።

"ቲቸር፣ ይሄ የምታረጊው ነገር ምንድን ነው? የምጠይቅሽ ቤቱ የኔ ስለሆነ ነው።"

ሊሻን ጭራሽ ደስ አላት። የሚጠይቃት ሰው አጥታ የኖረች ነው የምትመስለው። ወንበር አቀረበችላትና አንዱን ብልቃጥ አንስታ በሻማ አሞቀችው፤ የረጋው ነገር ሟሟና እንደ ውሃ ሆነ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣው ትንሽ ቆዩና ስትዘቀዝቀው ተመልሶ ቀጥ አለ።

"አዩ እትዬ? ዘይት ነው። ከጉሎ የሚወጣ ዱቄት በጣት ቆንጠር አድርጌ ጨመርኩበት፣ ሌላ የለውም። ሲሞቅ የዱቄቱ ሞለኪውሎች ይበታተናሉ፤ ሲበርድ ደግሞ እርስ በርስ ይፈላለጉና ተያይዘው ክር ይሆናሉ። ክሩ ከክር ጋር ይጠላለፍና መረብ ይሠራል፤ ዘይቱ መረቡ ውስጥ ተይዞ ይቀራል። ማንም አይፈትለውም፣ ራሱን በራሱ ነው የሚሠራው።"

"ራሱን በራሱ!" አለች ኸይሪያ። በዕድሜዋ ራሱን በራሱ ሲሠራ ያየችው ነገር ሐሜት ብቻ ነበር።

"ይሄኛው ደግሞ ይብሳል።" ሊሻን በሁለት ጥቋቁር መስታወቶች መሃል ጠብታ የምታህል ዝልግልግ ነገር አድርጋ ወደ ብርሃኑ አነሳችላት። ኸይሪያ አንድ ዓይኗን ጨፍና አየች። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ጥለት ተዘርግቷል፤ የጋሞ ሸማኔ የሠራው ዱንጉዛ ይመስላል። "ፈሳሽም አይደል፣ ጠጣርም አይደል፤ መሃል ላይ ያለ ነው። እንደ ፈሳሽ ይንሸራተታል፣ ሞለኪውሎቹ ግን ሰልፍ ይዘው ነው የሚሄዱት። ፈሳሽ ክሪስታል ይባላል። ሳሙና ውሃ ነክቶት ሲላቁጥ የሚያንሸራትትዎት እንኳ የዚሁ ዘመድ ነው።"

ቀለሙ ኸይሪያን ልቧን ነካው፤ ውሸት አያስፈልግም። ግን ወዲያው ተመለሰች። "እና ይሄ ለማን ይሸጣል?"

"ኧረ አይሸጥም! ደጋ ላይ አፈር እየረገጡ እግራቸው የሚያብጥባቸው ሰዎች አሉ አይደል? የሚሰጣቸው ቅባት በዚህ ቆላ አልፎ እስኪደርሳቸው እየቀለጠ ይፈሳል። እኔ የማይቀልጥ ነው የምፈልገው፤ ፀሐይ ቢመታውም ቀጥ የሚል። ፍሪጅ በሌለበት ቤት ስንት ጊዜ ሳይበላሽ እንደሚቆይም ማየት አለብኝ።" ትንሽ ፈራ ተባ አለችና፣ "እትዬ፣ ያቺ ቅቤ የሚያስቀምጡባት ቀዝቃዛ ክፍል ጥግ ላይ ጥቂቱን ባስቀምጥ ደስ ይለኛል። እንደ እርስዎ በኮባ ጠቅልዬ። እንዳይምታታብዎት ግን በሌላ ነገር ልጠቅልለው?"

ኸይሪያ እምቢ ልትል አፏን ከፈተች። ግን "እንዳይምታታብዎት" የሚለው ቃል ቁስሏን ነካት።

"እኔን? እኔ ኸይሪያን ቅቤ ይምታታብኛል? ዓይኔን ጨፍኜ እለየዋለሁ!"

"እሱስ እውነትዎን ነው" አለች ሊሻን እየሳቀች። "የጉሎ ሽታ አለው፤ ለእርስዎ አፍንጫማ ምኑ ይከብዳል። እንዲያውም እርስዎ ባይኖሩ አላስቀምጠውም ነበር።"

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ክፍሏ ከሱቁ ጀርባ ያለች፣ ወለሏ እርጥብ አሸዋ የተነጠፈበት ጨለም ያለች ጓዳ ናት። የኸይሪያ ቅቤ በስተግራ፣ የሊሻን ጥቅልሎች በስተቀኝ ተቀመጡ። ይህ ሁሉ መልካም ነበር፤ ኸይሪያ እንቅልፍ ቢወስዳት። ልጅቷ ከዚያ ጥቅልል ሥር ሌላ ነገር ደብቃ እንደሆነስ? ሌት ተቀን እያበሰለች ለሌላ ነጋዴ የምታስረክብ እንደሆነስ? ሊሻን ለማስተማር በወጣች ቁጥር ኸይሪያ ጓዳ ትገባለች፤ የልጅቷን ኮባ ትፈታለች፣ ታያለች፣ ትጫናለች፣ ከልማድ የተነሳ ታሸታለች፣ ምንም አይሸታትም፣ መልሳ ትጠቀልላለች። ባገኘችው ነገር አልተናደደችም፤ ያናደዳት ምንም አለማግኘቷ ነው።

አንድ ጠዋት እንደልማዷ የሊሻንን አንዱን ጥቅልል ፈትታ በእጇ ይዛ ሳለች ከሱቁ በኩል፣ "ኸይሪዬ! ኧረ ኸይሪዬ! የት ገባሽ?" የሚል ድምፅ መጣ። ኸይሪያ እንደ ሌባ ደነገጠች። በጥድፊያ ጠቀለለችው፣ በየትኛው ወገን እንደሆነ ሳታይ አሸዋው ላይ ጣል አደረገችው፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች።

የመጣችው ዓለምጸሐይ ነበረች፤ ከዳገቱ ከኦቾሎ የምትወርድ፣ የዘመናት ደንበኛዋ።

"ልጄ ማራኪ አግብታ የለ! ነገ በወጋችን ራሷ ላይ ቅቤ ተደርጎላት ገበያ ልትወጣ ነው። ለጋ የሆነ፣ የማያሳፍረኝን ስጪኝ።"

"ሙባረክ ነው! ለማራኪማ ምርጡን ነው የምሰጥሽ።"

ኸይሪያ ወደ ጓዳው ተመለሰች። ጨለማ ነው፣ ልቧም ገና አልተረጋጋም። ነጣ ያለውን፣ ጠንከር ያለውን አነሳችና ይዛ ወጣች። እንደወጉ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ሳብ አደረገች፣ "ማሻአላህ!" አለች። ዓለምጸሐይ እንኳን ልታሸተው ኮባውንም አልገለጠችም። "የአንቺን ቅቤ አሽትቼ ልሰድብሽ ነው?" ብላ ዘንቢሏ ውስጥ አስገባችው።

የኦቾሎን ገበያ ሰው ያያል፣ ፀሐይ ያያል፣ አባያ ሐይቅም ከሥር ተዘርግቶ ያያል። ሙሽራ ራሷ ላይ ቅቤ ተቆልሎላት ብቅ ትላለች፤ ፀሐዩ ሲጠና ቅቤው እየቀለጠ በግንባሯ፣ በአንገቷ፣ በትከሻዋ ይወርዳል፤ ሴቶች እልል ይላሉ። ማራኪ ወጣች። ፀሐዩ ጠና። ቅቤው አልቀለጠም። ሰዉ ጠበቀ። የሌሎች ሙሽሮች ቀሚስ በቅቤ ሲርስ የማራኪ ራስ ላይ ያለው እንደ ቆብ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። መጀመሪያ ልጆች ሳቁ። ቀጥሎ አሮጊቶቹ መንሾካሾክ ጀመሩ። በመጨረሻ የሙሽራው እናት ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ቅቤ ራስ ላይ ካልቀለጠ ራሱ ምን ሠርቶ ነው?" አለች።

በዚያ አገር እንዲህ ያለው ጥያቄ ቀልድ አይደለም። የደበቁት ነውር ቆይቶ በሰው ላይ የሚያመጣውን መዓት ጎሜ ይሉታል። ልጅቷ የደበቀችው ነገር አለ ተባለ፤ ያላትን ሁሉ ተናግራ እስክትጨርስ ወደ እናቷ ቤት ትመለስ ተባለ። ማራኪ ያንን ነገር ከራሷ ላይ በሳሙና እያሸች፣ እያለቀሰች አደረች።

ዓለምጸሐይ በማግስቱ ሲቀላ ስትወርድ እንደ ነብር ነበረች። የተረፈውን ቅቤ ከነኮባው ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

"ምን ሸጥሽልኝ? ምን አድርጌሽ ነው ልጄን ያዋረድሽልኝ? ዕድሜዬን በሙሉ አምኜሽ!"

ኸይሪያ ኮባውን ገለጠችና በመዳፏ ጨመቅ አደረገችው። አልቀለጠም። ያ ጠዋት፣ ያ ጥድፊያ፣ ያ አሸዋው ላይ የተጣለ ጥቅልል መጣባት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ግን ሰው ያወቀውን ሁሉ የሚቀበል ቢሆን ዓለም እንዲህ አትሆንም ነበር። አፏ ቀደማት።

"ወላሂ እኔ አይደለሁም! ያቺ አስተማሪ ናት! ከዘይት ቅቤ ትሠራለች፤ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ የዋህ፣ ቦታ ሰጥቻት ከቅቤዬ ጋር ቀላቀለችብኝ!"

ወሬው ሲቀላን ለማዳረስ ባጃጅ እንኳ አላስፈለገውም። ሊሻን ከሥራ ስትመለስ ግቢው በር ላይ የቆሙ ሴቶች መንገድ አልለቀቁላትም። አንዷ፣ "ቅቤ አንጓቿ መጣች!" አለች፤ ሌሎቹ ሳቁ። ሊሻን ግራ ገብቷት ወደ ኸይሪያ ሄደች።

"እትዬ፣ ሴቶቹ ምን ሆነው ነው? እኔም ልነግርዎት ነበር፤ አንዱ ጥቅልሌ የለም። የጣሉት መስሎኝ ዝም አልኩ።"

ኸይሪያ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ዓይኑን የሚሰብር ሰው ምን እንዳደረገ ከሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። "አላውቅም፤ በሽማግሌ ይታያል" ብላ ገባች።

ኦቾሎዎች ሁለቱንም አስጠሩ። ጀማልም አብሯቸው ሄደ። በሚኒባስ ሄደው የቀረውን ዳገት በእግር ወጡት። ኸይሪያ ከፊት፣ ሊሻን ከኋላ፤ በመንገዱ ሁሉ አልተነጋገሩም። ኸይሪያ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እኔ ወይ እሷ። እሷ ወጣት ናት፣ ደሞዝ አላት፣ ወደ አገሯ ትመለሳለች። እኔ ከዚያች ሱቅ ሌላ ምን አለኝ?

ሸንጎው የሚቀመጥበት ሜዳ ዱቡሻ ይባላል። ሽማግሎቹ ድንጋይ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል። የሚመሯቸው የአገሩ ሹም ሀላቃ ሳዲቃ የተባሉ ሽማግሌ ሸማኔ ናቸው፤ እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘዋል። እርጥብ ሳር ከተያዘ በኋላ ክፉ ቃልና ውሸት አይነገርም፤ ሕጉ ነው። በአንድ ወገን ማራኪ ከእናቷ ጋር፣ በሌላው አማቷ ከዘመዶቿ ጋር ቆመዋል። ከሲቀላ የመጡ ቅቤ ነጋዴዎችም ነበሩ፤ እነሱ ጠብ ያለበት አይቀሩም።

መጀመሪያ የተናገረችው ሊሻን ናት።

"አባቶቼ፣ ሙሽራዋ ራስ ላይ የነበረው የኔ ቅባት ነው። አልክድም። ግን ጎሜ አይደለም። ላሳያችሁ?"

ፍም አስመጣች። ከተረፈው ቆረስ አድርጋ በብረት ማንኪያ እሳቱ ላይ ያዘችው፤ ቀልጦ ኩልል አለ። አውርዳ ጠበቀች፣ ሽማግሎቹም ጠበቁ። ማንኪያውን ስትገለብጠው ረግቶ ተጣበቀ እንጂ አልወደቀም። ከሰዉ መሃል "ኧረ በፈጣሪ!" የሚል ድምፅ ወጣ። ሊሻን ለኸይሪያ የነገረቻትን ነገረቻቸው፤ ሲበርድ ስለሚገናኙት፣ ክር ስለሚሆኑት፣ ዘይቱን ስለሚይዘው መረብ።

ሀላቃ ሳዲቃ ማንኪያውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። "እንግዲህ ያለ ሸማኔ ተሸመነ በይኛ" አሉ።

"አዎ አባቴ።"

"ፈታይም የለው?"

"የለውም።"

"እኛስ መቃብራችን ተማሰ!" አሉና ሸማኔዎቹ ሁሉ ሳቁ። ወዲያው ግን ፊታቸውን ሰብሰብ አደረጉ። "እሺ፣ ፀሐይ ያላቀለጠው ጠባዩ ስለሆነ ነው። የልጅቷ ራስ ምንም አልሠራም። ይህ ጎሜ አይደለም፤ የሰው እጅ ነው። የማን እጅ ነው?"

የሙሽራዋ አክስት ከሴቶቹ መሃል ተነሳች። "እኔስ ስቀባት ሌላ ነገር ሸቶኝ ነበር። ግን የኸይሪያ ቅቤ ነው ሲሉኝ፣ እኔ ማን ነኝና ብዬ ዝም አልኩ።"

"እኔም ሸቶኝ ነበር" አለች ማራኪ፣ ድምጿ እየተሰበረ። "አፈርኩ።"

ኸይሪያ ይህን ሰማች። ሁለት ሰው በገዛ አፍንጫው የተሰማውን ትቶ የሷን የሞተ አፍንጫ አምኗል።

"ኸይሪያ ይህች ልጅ ሆን ብላ ቀላቀለችብኝ ትላለች" አሉ ሀላቃው ወደ ሊሻን ዞረው። "አንቺ ምን ትያለሽ?"

"እኔ አልቀላቀልኩም። እትዬ ኸይሪያ ግን ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሳይሸታቸው ደግሞ አይሸጡም። ከጓዳቸው የወጣው ቅቤ ነው፤ የጠፋውን ጥቅልሌን የወሰደ ሌላ ሰው በኋላ ለውጦታል። ካላመናችሁ አሁኑኑ ያሽትቱ። ሁለት ጥቅልል ስጧቸው፣ አንዱ የኔ፣ አንዱ ቅቤ። እንዴት ቀላል እንደሆነ ታያላችሁ። እሳቸው የሚሉትን እቀበላለሁ።"

ሰዉ፣ "ደግ ተናገረች! ኸይሪያ ታሽትት!" አለ። ሁለት ጥቅልል በአዲስ ኮባ ተሠርቶ ቀረበ። ኸይሪያ መሃል ሜዳ ላይ ቆመች። የመጀመሪያውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፦ ምንም። ሁለተኛውን አስጠጋች፦ ምንም። ግን አውራ ጣቷ አልሞተም። በኮባው ላይ ጫን ስትል በቀኝ እጇ ያለው ቀጥ አለ፤ በግራ ያለው ለዘብ አለ። የቀኙ የሊሻን ነው፤ አወቀችው! አሁን፣ "ይሄ ነው" ብትል አፍንጫዋ እንደተከበረ ይኖራል። እንዲህ ያለ አፍንጫ ደግሞ ጉሎን ቅቤ ብሎ አይሸጥም፤ ስለዚህ ነገሩን ያደረገችው ሌላዋ ናት። ሲቀላ ይቀበላል። ሱቁ ይተርፋል።

ቀና ስትል ሊሻንን አየቻት። እንደልማዷ ፊቷ ላይ ተንኮል ፈለገች። ልጅቷ ፈገግ ብላለች፤ ከፍርዱ አስቀድማ ተንፍሳለች። ይህች የሰው ልጅ ነገሯን በሙሉ በኸይሪያ አፍንጫ ላይ ጥላ፣ "እንግዲህ ዳንኩ" ብላ ቆማለች። ኸይሪያ ከታመመች ወዲህ ማንንም ያላመነች ሴት ናት፤ እንዲህ አድርጎ ያመናት ሰው ፊት ለፊት ሲቆም ምን እንደሚደረግ አላወቀችም። ሁለቱንም ጥቅልል ዝቅ አደረገች።

"አይሸተኝም" አለች።

"ምን አልሽ?" አሉ ሀላቃው።

"አይሸተኝም! ይሄም አይሸተኝም፣ ያም አይሸተኝም! ከዚያ ጉንፋን ወዲህ ምንም ነገር ሸቶኝ አያውቅም!" ድምጿ ሜዳውን ሞላው፤ ለረጅም ጊዜ የታፈነ ነውና ሲወጣ ልክ አጣ። "ልጅቷ ነግራኛለች፣ የጉሎ ሽታ አለው ብላኛለች። እለየዋለሁ ብዬ ዋሸኋት። ጥቅልሏን እየፈታሁ ስበረብር የነበርኩት እኔ ነኝ። በሌባ ዓይን ሳያት ሌባዋ እኔ ነበርኩ። በጥድፊያ ከቦታው ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ለዓለምጸሐይ የሸጥኩትም እኔ ነኝ። እጁ የኔ ነው።"

ከሲቀላ የመጡት ነጋዴዎች እርስ በርስ ተያዩ፤ እነሱ ገና ዳገቱን ሳይወርዱ ወሬው ገበያ እንደሚደርስ ኸይሪያ አወቀች።

"አንቺ ሴትዮ" አለ ጀማል፣ "ታዲያ ያን ሁሉ የካምባ ቅቤዬን በምን እያሸተትሽ ነበር የምትጥይብኝ?"

ሰዉ ሳቀ። ኸይሪያም እያለቀሰች ሳቀች። ጀማል ግን አልሳቀም። መጥቶ አጠገቧ ቆመና ድምጹን ዝቅ አድርጎ፣ "ለኔስ እንዴት አትነግሪኝም?" አላት፤ ያ ከሁሉ በላይ ጎዳት።

ሽማግሎቹ ተመካከሩ። የማራኪ አማት ወደ ምራቷ ሄዳ ግንባሯን ሳመቻት፤ ይቅርታ በአፏ ማለት ከበዳት፣ ግን ሳመቻት። ሀላቃ ሳዲቃ እርጥቡን ሳር ወደ ኸይሪያ ዘረጉ።

"ያበላሸ እጅ ያቅና። ሙሽራዋን በገዛ እጅሽ ቅቤ ቀቢያት፤ ዛሬ፣ ሰው ሁሉ እያየ።"

ዓለምጸሐይ ከቤቷ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ አመጣች። የኸይሪያን ዓይን አላየችም፤ ቁጣዋ ገና አልበረደም፣ አይፈረድባትም። ማራኪ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ኸይሪያ ኮባውን ገለጠች። እንደልማዷ ወደ አፍንጫዋ ልታስጠጋ እጇን አነሳችና መንገድ ላይ አቆመችው። አውራ ጣቷም ሊጫን ተዘጋጅቶ ነበር፤ እሱንም ሰበሰበችው። ከዚያ ዞር ብላ ወደ ሊሻን ሄደች። ልጅቷ ከሰዉ ዳር ቆማ ዓይኗን እየጠረገች ነበር።

"ልጄ" አለች ኸይሪያ፣ ቅቤውን በሁለት እጇ ዘርግታ፣ "አሽትቺልኝ።"

ሊሻን ይቅር ትበላት አትበላት ገና አይታወቅም ነበር። ጎንበስ ብላ አሸተተችው።

"ቅቤ ነው" አለች።

ኸይሪያ ፊቷን አልመረመረችም። "እሺ" ብላ ተመለሰችና ቅቤውን ማራኪ ራስ ላይ አደረገችው። ፀሐዩ ጠንክሮ ነበር፤ ወዲያው በጣቶቿ መሃል እየሞቀ መውረድ ጀመረ።